የምራቅ ዕጢና የስኳር ምልክቱ

በሰበታና በአካባቢዋ ሽማግሌዎች «እንትፍ፣ እንትፍ» እያሉ የሚመርቁበት ልማድ ጥንታዊ ሲሆን፣ በብዙ ሰዎች ምራቅ ውስጥ የደማቸውን ዓይነት የሚገልጡ ረቂቃን ስኳሮች መኖራቸው ግን የተገለጠው ገና በ20ኛው ምዕት ዓመት ነው። ካርል ላንድሽታይነር በ1901 እ.ኤ.አ. በቪየና የደም ዓይነቶችን ከለየ ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ፣ ሞርጋንና ዋትኪንስ የተባሉ የለንደን ሊቃውንት በኤና በቢ የደም ዓይነቶች መካከል ያለው ልዩነት በስኳር ሰንሰለት ጫፍ ያለች አንዲት ስኳር መሆኗን አስረዱ፤ የደም ዓይነትን ያህል ታላቅ ነገር በዚህች ታናሽ ነገር መወሰኑ ያስደንቃል።

ሕዋስ በካንሰር ሲበላሽም እንዲህ ያለው የስኳር ሰንሰለት ሳይፈጸም ስለሚቀር፣ በጤናማው ሕዋስ ተሸፍኖ የሚኖረው ቲኤን የተባለው አጭር ስኳር ይገለጣል፤ የኮፐንሃገን ተመራማሪዎችም በ1990ዎቹ ይህንኑ በምራቅ ዕጢ ዕባጮች ላይ መረመሩ። ጆሮ ግንዱ ሥር ያለው የምራቅ ዕጢ አብጦበት ከሰበታ ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚሄድ ሕመምተኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመረመረው በዚህ የስኳር ምልክት ሳይሆን በቀጭን መርፌ ተቀድቶ በማይክሮስኮፕ በሚታይ ናሙና ነው።