ኤ ደብሊው ኢ

ኤ ደብሊው ኢ በባለ32 ቢት ዊንዶውስ ላይ የሚሠራ ፕሮግራም፣ በተለይም ዳታቤዝ፣ ከአድራሻ ክልሉ የሚበልጥ ሜሞሪ እንዲጠቀም ያስቻለ ዘዴ ነው። በ32 ቢት ሊጻፉ የሚችሉት አድራሻዎች 4,294,967,296 ናቸው፤ ይህም 4 ጊጋባይት ሲሆን ግማሹን ዊንዶውስ ለራሱ ይይዛል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1995 በፔንቲየም ፕሮ ያወጣው ፒ ኤ ኢ የፕሮሰሰሩን አድራሻ ወደ 36 ቢት፣ ማለትም ወደ 64 ጊጋባይት ቢያሰፋም የእያንዳንዱ ፕሮግራም ድርሻ አልጨመረም።

ኤ ደብሊው ኢ የመጣው ከዊንዶውስ 2000 ጋር ነው። ፕሮግራሙ በድርሻው ውስጥ «መስኮት» ይከፍትና ከድርሻው ውጭ ያሉትን የሜሞሪ ገጾች እያፈራረቀ በዚያ በኩል ያያል። ገደቡን ዞረው እንጂ አላነሳውም። ኤስኪውኤል ሰርቨር 2000 በዚህ መንገድ የሚያስቀምጠው ከዲስክ የተነበቡ የዳታ ገጾችን ብቻ ነበር፤ የጥያቄ ዕቅዶችና መቆለፊያዎች በጠባቡ ድርሻ ውስጥ ይቀራሉ። ስለዚህ ብዙ ሜሞሪ የተገጠመለት ሰርቨርም ሜሞሪ ሊያልቅበት ይችላል። ከፍተኛው ልክ ካልተወሰነለት ደግሞ ሲነሣ ያገኘውን ሜሞሪ ከሞላ ጎደል ጠቅልሎ ይይዛል፣ እስኪዘጋም አይለቅም።

በቡት ዶት አይኤንአይ ፋይል የሚጻፈው የ3 ጊጋባይት ትእዛዝ የፕሮግራሙን ድርሻ ያሳድጋል፤ ነገር ግን ለዊንዶውስ 1 ጊጋባይት ብቻ ስለሚቀር ከ16 ጊጋባይት በላይ ያለውን ሜሞሪ መጠቀም አይቻልም። ባለ64 ቢት ሰርቨሮች ከተስፋፉ በኋላ ዘዴው አላስፈለገም፤ ኤስኪውኤል ሰርቨር 2012 ያለ እርሱ ወጥቷል።