ዕጣና መድኃኒት፤ የትግራይ የወባ ጥናት ያስተማረንና የማያስተምረን

ዕጣ በአገራችን ሕዝብ ዘንድ የታወቀ የዳኝነት ዘዴ ነው። በትግራይ ገጠር የእርሻ መሬት ሲደለደል ዕጣ የሚወጣው ለምን እንደሆነ ማንኛውም ገበሬ ያውቀዋል፤ ይኸውም ለሙ ለዘመድ፣ ጭንጫው ለባዳ እንዳይሰጥ ነው። በሕክምና ምርምር ውስጥ ዕጣ የገባውም ከዚህ በማይርቅ ምክንያት ነው። ሐኪም አዲስ መድኃኒት ሲሞክር፣ ይድናል ብሎ ተስፋ ለሚያደርግለት በሽተኛ መስጠት ይቀናዋል፤ በሽተኛው በዳነ ጊዜም ያዳነው መድኃኒቱ ይሁን ወይስ ቀድሞውኑ ሕመሙ የቀለለ ኖሮ እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ዕጣ ይህን አድልዎ ያስቀራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዘዴውን ብርታትና ወሰን ከአገራችን በተገኘ ምሳሌ መመርመር ነው። ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጄምስ ሊንድ በ1747 በስከርቪ የታመሙ 12 መርከበኞችን ሁለት ሁለት አድርጎ በመክፈልና ልዩ ልዩ ነገር በመስጠት፣ ብርቱካንና ሎሚ የበሉት ከሌሎቹ ቀድመው እንደ ዳኑ አየ፤ ነገር ግን ክፍፍሉ በዕጣ አልነበረም። ለዕጣ ድልድል አርአያ ሆኖ የሚጠቀሰው በ1948 በብሪታንያ የታተመው የስትሬፕቶማይሲን ጥናት ሲሆን፣ ድልድሉን የነደፈው የስታቲስቲክስ ሊቁ ብራድፎርድ ሂል ነው። መድኃኒቱን ካገኙት 55 የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን በስድስት ወር ውስጥ 4፣ ካላገኙት 52 ደግሞ 14 ሞቱ። መድኃኒቱ በዚያን ጊዜ ለሁሉ የሚዳረስ ስላልነበረ ዕጣው እንደ ግፍ አልተቆጠረም። ይሁን እንጂ በብዙዎቹ ሕሙማን ላይ ጀርሙ ውሎ አድሮ መድኃኒቱን ተቋቋመ። የስድስት ወር ውጤት የዓመታትን እንደማይተካ ከመጀመሪያው ታየ ማለት ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የዓይደር ሆስፒታል ሥራ ከመጀመሩ ከ10 ዓመት በላይ አስቀድሞ፣ በ1997 በትግራይ ሁለት ወረዳዎች የተካሄደውን ጥናት እናገኛለን። ኪዳነና ሪቻርድ ሞሮው በ2000 በላንሴት መጽሔት ባሳተሙት በዚህ ጥናት፣ ወባ የጸናባቸው 24 ጣቢያዎች በሕፃናት ሞት መጠናቸው ተመሳስለው ጥንድ ጥንድ ተደረጉ፤ ከየጥንዱም አንዱ በዕጣ ተለየ። ዕጣ በወጣላቸው ጣቢያዎች የተመረጡ እናቶች ሠልጥነው፣ ጎረቤቶቻቸውን የወባን ምልክት እንዲለዩና ለታመመ ልጅ ሳይዘገዩ ክሎሮኪን እንዲሰጡ አስተማሩ። በአሥራ ሁለት ወራት ውስጥ በእነዚህ ጣቢያዎች ከነበሩት ከአምስት ዓመት በታች 6383 ሕፃናት 190 ሞቱ፤ በማነጻጸሪያዎቹ ከ7294 ሕፃናት 366 ሞቱ። ይኸውም ከሺህ 29.8 እና 50.2 ሲሆን፣ ልዩነቱ 40 በመቶ ነው። ትምህርቱን ያገኙት ጣቢያዎች እንደ ሌሎቹ ሞተውባቸው ቢሆን ኖሮ የሟቾቹ ቁጥር ወደ 320 በደረሰ ነበር፤ ስለዚህ 130 ያህል ሕፃናት ተርፈዋል ማለት ይቻላል።

የዘዴው ብርታት እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል። ዕጣ ባይወጣ ኖሮ፣ ትምህርቱ ለመንገድ ለሚቀርቡትና ሊቀ መንበራቸው ትጉህ ለሆነላቸው ጣቢያዎች ተሰጥቶ ነው የተሳካው ሊባል በተቻለ ነበር። ዝናብ፣ መከር፣ የትንኝ ብዛት ለሁለቱም ወገን ያደሉ ዘንድ ያላቸው ዕድል እኩል ስለሆነ፣ ይህን ያህል ልዩነት በአጋጣሚ ማመካኘት አስቸጋሪ ነው።

ወሰኑም እንዲሁ መታወቅ አለበት። አንደኛ፣ ዕጣ የወጣው በጣቢያ እንጂ በሕፃን አይደለም፤ ስለዚህ የማስረጃው ክብደት የሚለካው ከ13 ሺህ በሚበልጡት ሕፃናት ሳይሆን በ12ቱ ጥንዶች ነው። ሁለተኛ፣ ትምህርቱ ስውር ሊሆን አይችልም፤ የሞቱም ምክንያት የታወቀው ከሦስት ሟቾች የአንዱን ቤተሰብ በመጠየቅ ነው። ሦስተኛ፣ ጥናት በዘመኑ የታሰረ ነው። ጀርሙ ክሎሮኪንን በመቋቋሙ አገራችን በ1998 ለፋልሲፓረም ወባ ወደ ሌላ መድኃኒት፣ በ2004 ደግሞ ወደ አርቴሜተር ሉሜፋንትሪን ተሻግራለች። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ2010 ጀምሮ ሕክምናው ከደም ምርመራ በኋላ እንዲሰጥ መክሯል። መድኃኒቱ አለፈ፤ እናት ለእናት የምታስተላልፈው ዕውቀት ግን አላለፈም። ከሁለቱ የትኛው ወደ ሌላ ዘመንና ስፍራ እንደሚሻገር ዕጣው ራሱ አይናገርም፤ ይህን የሚለየው የሐኪሙ ማመዛዘን ነው።

አራተኛው ወሰን የሕሊና ነው። በማነጻጸሪያው ዓምድ 366 ተብሎ የተጻፈው አሃዝ 366 ልጆች ናቸው። ዕጣ የሚፈቀደው የትኛው መንገድ እንደሚበልጥ በእውነት ሳይታወቅ ሲቀር ብቻ ነው፤ ከታወቀም በኋላ ውጤቱ ዕጣ ላልወጣላቸው እንዲደርስ ግዴታ ያስከትላል።

ከዚህም የከፋ አለ፤ ዕጣ ከቶ ሊገባበት የማይችል ጉዳይ። ከ2020 እስከ 2022 በትግራይ በተካሄደው ጦርነት የዓይደር ሐኪሞች መድኃኒት አልቆባቸው፣ ደመወዝ ተቋርጦባቸው ሲሠሩ፣ ባለመታከማቸው የሚሞቱትን ሕሙማን መዝግበዋል። ኢንሱሊንን ለአንዱ ሰጥቶ ሌላውን በመንፈግ ውጤቱን የሚያነጻጽር ጥናት ሊታሰብ አይችልም፤ ሊታሰብም አይገባም። ያም ሆኖ እጦቱ እንደሚገድል ማንም ተጠራጥሮ ዕጣ አልጠየቀም። በዚህ ጊዜ ማስረጃ ሆኖ የሚቀርበው በየቀኑ በጥንቃቄ የተሞላ የሕሙማን መዝገብ ብቻ ነው።

ስለዚህ የዕጣን ጥናት ከሁሉ በላይ አድርጎ ሌላውን ማስረጃ መናቅም፣ የውጭ አገር ነገር ነው ብሎ መተውም ስሕተት ነው። ሁለት መድኃኒቶች ቀርበው የሚሻለው ባልታወቀ ጊዜ ዕጣን የመሰለ ዳኛ የለም። ይሁንና በትግራዩ ጥናት ዕጣው ፍሬ ያፈራው፣ በየወሩ የሚወለደውንና የሚሞተውን ሕፃን የሚመዘግብ ሰው በየጣቢያው ስለ ነበረ ነው። መዝገብ በሌለበት ዕጣ ቢወጣም የሚቆጠር ነገር አይኖርም። የሙያ ባልደረቦቻችንም አዲስ ጥናት ከመንደፋቸው አስቀድሞ ሊያደራጁት የሚገባው ይህንኑ መዝገብ ነው።