የፈሰሰ ውኃና ሉድቪግ ቦልትዝማን

«የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም» የምንለው ስለ ሰው ጸጸት ስንናገር ነው። ይሁንና ይህ ተረትና ምሳሌ ከፊዚክስ ሕጎች መካከል እጅግ ካከራከሩት አንዱን በሦስት ቃላት ይዞታል። ሙቀት ከሞቃት ወደ ቀዝቃዛ ይሄዳል እንጂ በገዛ ራሱ ወደ ኋላ አይመለስም፤ ጭስ በጎጆው ውስጥ ይበተናል እንጂ ተሰብስቦ ወደ ምድጃው አይገባም። ስለምን? ከዚህ ጥያቄ ጋር ሲታገል የኖረው ሊቅ ሉድቪግ ቦልትዝማን ነው።

ቦልትዝማን እ.ኤ.አ. በ1844 በቪየና ከተማ ከአንድ የግብር መሥሪያ ቤት ሹም ተወለደ። በ1866 ከቪየና ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕረግ ተቀበለ፤ በ25 ዓመቱም በግራትስ ፕሮፌሰር ሆነ። ፒያኖ ይጫወት ነበር። ለባለቅኔው ለሺለር የነበረው ፍቅርም ጥልቅ ስለነበረ አንዱን መጽሐፉን ለእርሱ መታሰቢያ አድርጎታል። ግጥም ለምንጽፍ ሰዎች ከፊዚክስ ሰፈር እንዲህ ያለ ሰላምታ የሚደርሰን ከስንት አንዴ ነው!

የቦልትዝማን እምነት ነገር ሁሉ ከማይታዩ ደቃቅ ቅንጣቶች፣ ከአቶሞችና ከሞለኪዩሎች፣ የተሠራ ነው የሚል ነበር። ሐሳቡን በቤታችን ምሳሌ እንየው። አንድ ቁና ነጭ ጤፍና አንድ ቁና ቀይ ጤፍ በአንድ ስልቻ ጨምረን ብናነቃንቅ ይደባለቃል። ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልካችንን ብናነቃንቀው ነጩ ከቀዩ አይለይም። ግን የትኛዋም ፍሬ ወደ ቀድሞ ቦታዋ እንዳትመለስ የሚከለክላት ሕግ የለም። ነገሩ የቁጥር ነገር ነው፤ ጤፉ ተለይቶ የሚቀመጥበት አደራደር ጥቂት ሲሆን ተደባልቆ የሚገኝበት አደራደር ግን ስፍር ቁጥር የለውም። አሥር የአየር ቅንጣቶች ሁሉም በሣጥኑ ግራ እኩሌታ የመገኘታቸው ዕድል ከ1,024 አንድ ነው። መቶ ቢሆኑ ከ1 ቀጥሎ 30 ዜሮ ከሚጻፍበት ቁጥር አንድ ጊዜ ያህል ብቻ ይሆናል። በአንዲት ብርጭቆ ውስጥ ያለው አየር ግን ቅንጣቶቹ ራሳቸው ከ1 ቀጥሎ 21 ዜሮ ከሚጻፍበት ቁጥር ይበልጣሉ!

የመጀመሪያው ብርቱ ተቃውሞ የመጣው በ1876 ከወዳጁ ከዮሴፍ ሎሽሚት ነበር። የእንቅስቃሴ ሕጎች ወደ ፊትም ወደ ኋላም እኩል ይሠራሉ፤ እንግዲያው ቅንጣቶቹ ሁሉ በመጡበት ፍጥነት ወደ ኋላ ቢመለሱ የፈሰሰው ውኃ መታፈሱ አይደለምን? ቦልትዝማን በ1877 የሰጠው መልስ ሕጉን ራሱን ለወጠው። የተፈጥሮ ሕግ እዚህ ላይ «ፈጽሞ አይሆንም» አይልም፤ «ይሆናል ብለህ አትጠብቅ» ይላል። ኢንትሮፒ የተባለው መለኪያም የአደራደር ብዛት መለኪያ ሆነ። ሕግ ማለት የማይናወጥ ቃል ነው ብሎ ለተማረ ትውልድ ይህ መራራ ነበር።

ኤርንስት ማኽ ያልታየን ነገር የሳይንስ መሠረት ማድረግን ይነቅፍ ነበር። ቪልሄልም ኦስትቫልት ደግሞ ኃይል ብቻ ይበቃናል፣ አቶም አያሻንም ይል ነበር። በ1895 በሊዩቤክ ጉባኤ ቦልትዝማንና ኦስትቫልት ፊት ለፊት ተከራከሩ። በሥፍራው የነበረው ወጣቱ አርኖልድ ዞመርፌልት ክርክሩን በኮርማና በቀልጣፋ ጎራዴኛ መካከል እንደሚደረግ ፍልሚያ አድርጎ አስታውሶታል፤ ያሸነፈውም ኮርማው፣ ማለት ቦልትዝማን፣ እንደነበረ መስክሯል። ይሁን እንጂ ቦልትዝማን በ1898 ባሳተመው የጋዝ ቲዎሪ መጽሐፍ መቅድም ላይ ራሱን ከዘመን ጎርፍ ጋር በደካማ ክንድ እንደሚታገል ብቸኛ ሰው ቈጥሯል።

ሴፕቴምበር 5 ቀን 1906፣ በትሪየስት አቅራቢያ በዱዊኖ ከባለቤቱና ከልጁ ጋር ለዕረፍት ሳለ፣ በ62 ዓመቱ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ።

ለቴአትር ጸሐፊ ይህ ታሪክ ተዘጋጅቶ የቀረበ ሰቈቃ ነው፤ እውነትን የያዘ ሰው፣ የማይሰማ ዘመን፣ መጋረጃ። እኔም አንድ ጊዜ በዚሁ መልክ ልጽፈው ቃጥቶኝ ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ አልነበረም። ቦልትዝማን በሕይወቱ የተከበረ ምሁር ነበረ፤ በ1900 ወደ ላይፕሲግ እንዲመጣ የጋበዘውም ያው ተከራካሪው ኦስትቫልት ነው። የመንፈስ ጭንቀቱ የቈየ ሕመም ሲሆን የዓይኑ መድከምና አስማው ተጨምረውበታል። የአንድን ሕሙም ሰው ሞት የሐሳብ ክርክር ውጤት ማድረግ ለመድረክ ይመቻል፤ ለሟቹ ግን ፍትሕ አይሆንም።

በመድረክ ላይ ቢቀርብ ማንም የማያምነው ደግሞ ይህ ነው። ቦልትዝማን ከመሞቱ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1905፣ በበርን የፓተንት ቢሮ የሚሠራ የ26 ዓመት ወጣት አንድ ጽሑፍ አሳትሞ ነበር፤ ስሙ አልበርት አይንሽታይን። ጽሑፉ በውኃ ላይ የተንሳፈፉ ደቃቅ ቅንጣቶች ያለ ዕረፍት የሚንቀጠቀጡት የውኃው ሞለኪዩሎች ከየአቅጣጫው እኩል ባልሆነ ኃይል ስለሚገፏቸው መሆኑን አስረድቶ፣ በዚህም መንገድ ሞለኪዩሎችን መቍጠር እንደሚቻል አሳየ። ከ1908 ጀምሮ ዣን ፔረን በፓሪስ የዛፍ ሙጫ ቅንጣቶችን በማይክሮስኮፕ እያየ ለካ፤ ስሌቱም ተስማማ። በ1926 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ኦስትቫልትም መሳሳቱን በጽሑፍ አመነ።

ቦልትዝማን የተቀበረው በቪየና ማዕከላዊ መቃብር ነው። ከሐውልቱ በላይ ኢንትሮፒን ከአደራደር ብዛት ጋር የምታገናኝ አጭር ቀመር ተቀርጻለች። በዚያ መልክ የጻፋት ግን ማክስ ፕላንክ ነው፤ በቀመሯ ውስጥ ያለውም ቋሚ ቁጥር በቦልትዝማን ስም ይጠራል። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ኬልቪን የተባለው የሙቀት መለኪያ የሚወሰነው በዚሁ ቁጥር ነው።