ጫማና ሜትር፤ ከገበያችን እስከ ውሃው ወለል

ይህችን ጽሑፍ ለትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ መጽሔት እንድናዘጋጅ ያነሣሣን በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ የተነሣ አንድ ክርክር ነው። ስለ ውሃ ግፊት ስንማር ግማሾቻችን ከአንድ አሮጌ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ፣ ግማሾቻችን ደግሞ ከአዲሱ መማሪያችን ማስታወሻ ይዘን መጣን። አንደኛው ወገን በባሕር ውስጥ የሚጠልቅ ሰው በየ33ቱ አንድ የአየር ግፊት ይጨመርበታል አለ፤ ሁለተኛው ወገን በየ10ሩ ነው አለ። አንዱ ሌላውን ተሳስተሃል እያለ ሲሟገት ደወሉ ተደወለ። በማግሥቱ መምህራችን ሁለቱም ቍጥሮች ልክ እንደ ሆኑ፣ ጥፋቱ ግን የሁላችንም እንደ ሆነ አስረዱን፤ ቍጥሩን ጽፈን መለኪያውን ሳንጽፍ ቀርተን ነበርና። 33ቱ ጫማ ነው፣ ይኸውም እንግሊዞች ፊት የሚሉት፤ 10ሩ ሜትር ነው። ቦታውም አንድ ቦታ ነው።

እኛም ከዚያ በኋላ እነዚህ ሁለት መለኪያዎች እንዴት ወደ አገራችን እንደ ገቡና ገና ሳይለያዩ ለምን አብረውን እንደሚኖሩ ለማወቅ ፈለግን።

አባቶቻችን መለኪያ አጥተው አያውቁም። ለርዝመት ጣት፣ ጋት፣ ስንዝርና ክንድ፣ ለእህል ቁናና ዳውላ፣ ለመሬት ጥማድና ጋሻ፣ ለወርቅ ወቄት ነበራቸው። ክንድ ከክርን እስከ መካከለኛው ጣት ጫፍ ያለው ርዝመት ሲሆን ወደ ግማሽ ሜትር ይጠጋል። ነገር ግን የማን ክንድ? ጨርቅ የሚገዛ ሰው ረጅሙን ዘመዱን፣ ሻጩም አጭሩን ልጁን ለመለካት ቢያቀርብ የሚፈረድበት አይመስለንም። ቁናውም ከገበያ ገበያ ይለያይ ነበር፤ ጋሻ መሬትም በአማካይ ወደ 40 ሄክታር ይቈጠር እንጂ እንደ አፈሩ ልምላሜ ይሰፋና ይጠብ ነበር። ከሁሉ የጸናው ወቄት ሳይሆን አይቀርም። ምክንያቱም ሚዛኑ 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ስለ ነበረ ነው፤ እርሱም በያለበት 28 ግራም ያህል ይመዝናል። የእንግሊዝ አውንስ 28.35 ግራም መሆኑን ስናይ ሳንደነቅ አልቀረንም።

በእኛው አውራጃ ከዚህ የበለጠ ከባድ ነገር ተመዝኗል። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ለዐፄ ቴዎድሮስ የተሠራው ሴባስቶፖል 7 ቶን፣ ማለት 70 ኩንታል ገደማ እንደሚመዝን ይነገራል። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. ተራራውን እየቈረጡ፣ መንገዱን እያስጠረጉ በሰው ጕልበት ወደ መቅደላ አስወሰዱት። በዚያው ዓመት ከቀይ ባሕር ዳር ወደ መቅደላ የመጣው የጄኔራል ናፒየር ጦር መንገዱን የቈጠረው በማይል ነው፤ ወደ 400 ማይል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አንፈልግም። የእንግሊዝ ቶን 1,016 ኪሎ ሲሆን የሜትሩ ቶን 1,000 ኪሎ ነው። በ7 ቶን መድፍ ላይ ልዩነቱ 112 ኪሎ ይሆናል። ለአንባቢ ትንሽ ነው፤ ገመዱን ለሚስበው ሰው ግን ከአንድ ኩንታል በላይ ነው።

የኢጣልያ ወራሪ በአገራችን በቈየበት ዘመን የሜትሩ ሥርዓት በመንገድና በመጋዘን ተስፋፋ፤ ኩንታል የሚለውም ቃል ከኢጣልያንኛ የመጣ ነው። ከነጻነት በኋላ ደግሞ የእንግሊዞችና የአሜሪካኖች መጻሕፍትና መኪናዎች ጫማን፣ ፓውንድንና ጋሎንን ይዘው ገቡ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1963 በወጣው የሚዛንና የመለኪያ አዋጅ ሜትርና ኪሎ የሕግ መለኪያ ሆኑ። ሆኖም ዛሬም የውሃ ቧንቧ የሚገዛ ሰው በኢንች ይጠይቃል፤ አውሮፕላንም የሚበርበት ከፍታ በጫማ ይነገራል።

ሜትር ራሱ የተወለደው በፈረንሳይ አብዮት ዘመን ነው። ዴላምብርና ሜሼን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ከ1792 እስከ 1798 ከደንከርክ እስከ ባርሴሎና ያለውን ምድር ለክተው፣ ከሰሜን ዋልታ እስከ ምድር ወገብ ያለው ርቀት አንድ አሥር ሚሊዮንኛው ሜትር እንዲባል አደረጉ። ሐሳቡ መለኪያው የንጉሥ ክንድ ወይም የጌታ እግር እንዳይሆን ነበር። የእንግሊዝ ጫማ ከ1959 ጀምሮ በሕግ የተተረጐመው 0.3048 ሜትር ተብሎ ነው። እንግዲህ በጫማ የሚለካ ሰው ሳያውቀው በሜትር ይለካል ማለት ነው!

ስለ መሬት ልኬት ስናነሣ ግን ነገሩ ጨዋታ መሆኑ ይቀራል። ቀላድ በሚባለው ገመድ በብዙ የደቡብ አገሮች መሬት ሲለካ፣ ርስት በጸናበት በጎጃምና በበጌምድር ገበሬው ገመዱን እንደ ጠላት ያየው ነበር። እንደ አውሮፓ በ1967 የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ከዓባይ ማዶ ያሉት የጎጃም ገበሬዎች በ1960 ዓ.ም. ያመፁበት አንዱ ምክንያት፣ ግምቱ ልኬትን፣ ልኬቱም የርስትን መጥፋት ያስከትላል የሚል ሥጋት ነበር። ያ ሥጋት የዕውቀት ማነስ ብቻ ነው ለማለት አንደፍርም፤ የሚለካው ማን እንደ ሆነና ለማን እንደሚለካ መጠየቅ ተገቢ ነውና። ዛሬ የይዞታ ደብተር በሄክታር ይጻፋል፤ ወላጆቻችን ግን አሁንም በቃዳ ይነጋገራሉ፤ አራት ቃዳ አንድ ሄክታር ነው።

አሁን ወደ ጠላቂያችን እንመለስ። ጠላቂዎች በስንት ጥልቀት ስንት ደቂቃ ቈይተው እንዴት ቀስ ብለው መውጣት እንዳለባቸው የሚያሳየውን ሰንጠረዥ፣ ሃልዴን የተባለው ሊቅ ለእንግሊዝ ባሕር ኃይል አዘጋጅቶ በ1908 ሲያሳትም በጫማ ጻፈው። በ1943 ግን ኩስቶና ጋኛን የተባሉ ሁለት ፈረንሳዮች፣ አየር በጀርባ ተሸክሞ በነጻ የሚዋኙበትን መሣሪያ በሜትር አገር ፈለሰፉ። በሁለቱ መካከል፣ ኢጣልያኖች በ1933 ዓ.ም. በምጽዋ ወደብ ያሰጠሟቸውን መርከቦችና ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛ ለማውጣት ኤድዋርድ ኤልስበርግ የተባለ አሜሪካዊ መኰንን በ1934 ዓ.ም. ከጠላቂዎቹ ጋር መጣ። አሜሪካኖች የሚቈጥሩት በጫማና በፓውንድ ነው።

ጫማውን ወደ ሜትር መለወጥስ ቀላል ነው። የሚያሳስተው የአየር ሲሊንደሩ ነው። አውሮፓዊው 12 ሊትር ሲል የባዶውን ዕቃ ስፋት ይናገራል፤ አሜሪካዊው 80 ኪዩቢክ ጫማ ሲል ግን ታምቆ የገባውን አየር ይናገራል። አንዱ ነጋዴ የጆንያውን ልክ፣ ሌላው በጆንያው ውስጥ ተረግጦ የገባውን የጥጥ ብዛት እንደሚናገሩ ዓይነት ነው። ባለ 12 ሊትሩ በ200 ባር ሲሞላ 2,400 ሊትር አየር ይይዛል። በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስ ሰው በውሃው ገጽ ላይ 120 ደቂቃ ያደርሰዋል። በ20 ሜትር ጥልቀት ግፊቱ ሦስት ጊዜ ስለሚሆን 40 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ያውም ለመውጫ የሚጠበቀውን ሳንቀንስ። 40 ጫማ የተባለውን 40 ሜትር ብሎ የወረደ ሰው ምን እንደሚያገኘው አንባቢ ራሱ ያስላ። በ1983 አንድ የካናዳ አውሮፕላን 22,300 ኪሎ ነዳጅ ሲያስፈልገው 22,300 ፓውንድ ተቀድቶለት በሰማይ ላይ ነዳጅ ጨርሷል፤ አብራሪዎቹ እያንሳፈፉ በሰላም ማሳረፋቸው ተአምር ያሰኛል።

በመጨረሻ ስለ ጣናችን አሰላን። ጥልቅ የሚባለው ስፍራው 14 ሜትር ያህል ነው፤ በጫማ 46። ነገር ግን ሐይቁ ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለ በመሆኑ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው አምስት እጅ አራቱ ገደማ ነው። ስለዚህ በባሕር የተሠራ ሰንጠረዥ እንዳለ አይሠራበትም፤ ጠላቂው 14ቱን ሜትር እንደ 17 ሜትር መቍጠር አለበት። በሜትር ቢለካም በጫማ ቢለካም ይህን ካላወቀ ሁለቱም አያድኑትም።

ለዕረፍት ስንወጣ በቆራጣ በኩል ወደ ሐይቁ ወርደን በታንኳ ጥልቀቱን ለመለካት ተስማምተናል። ገመዱ ተገዝቷል፤ በአንድ በኩል በሜትር፣ በሌላው በጫማ ምልክት አድርገንበታል። ከመካከላችን አንዱ በክንድም ይሁን ብሎ ሦስተኛ ምልክት ጨምሮበታል፤ የማን ክንድ ይሁን በሚለው ላይ ግን ገና አልተስማማንም።