የከብቱ ሐኪምና የነጭ ሣር ቆርኬ

ከእግዜር ድልድይ ማዶ የተዘረጋው የነጭ ሣር ሜዳ ለእኛ ለአርባ ምንጭ ተማሪዎች የታሪክ መምህር ነው። በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል የገባው የደስታ በሽታ የአገራችንን ከብት ፈጅቶ ክፉ ቀን የተባለውን ረኃብ አባባሰ፤ ጎሹንና ቆርኬውንም አልማረም። ሰባ ዓመት ያህል ቆይቶ እንግሊዛዊው የእንስሳት ሐኪም ዶክተር ዋልተር ፕላውራይት በኬንያ፥ በሙጉጋ፥ ከባልደረቦቻቸው ጋር አስተማማኝ ክትባት አዘጋጁ። ክትባቱ ለከብት ብቻ ቢሰጥም፥ በሽታው ከበረት ወደ ዱር ይሻገር ስለ ነበር አራዊቱም አብረው ዳኑ። በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ነገር ግን በ1966 ዓ.ም. ከሰንቀሌ ወደ ነጭ ሣር የመጡት ቆርኬዎች በግጦሽ ሽሚያና በአደን እጅግ ተመናመኑ። የእንስሳት ሕክምና ተምሮ ለከብቱም ለአውሬውም የሚቆም ሰው ከመካከላችን ይነሣ ዘንድ ተስፋችን ነው።