ክሪሳንተመምን በቤት ውስጥ መንከባከብ

በመጸው ወራት በአውሮፓና በአሜሪካ መደብሮች በብዛት የሚቀርበው ክሪሳንተመም፣ ከአደይ አበባና ከሱፍ ጋር በአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ የሚመደብ ነው። ቤት ከገባ በኋላ ቶሎ የሚጠወልገው ብዙውን ጊዜ በሙቀት ምክንያት ነው። ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚስማማው በመሆኑ፣ ከቤት ማሞቂያ አርቆ ብርሃን በሚያገኝ መስኮት አጠገብ ማኖር አበባውን ለሳምንታት ያቆየዋል። ሲገዛም ፈክቶ ያለቀው ሳይሆን እምቡጦቹ ቀለማቸውን ማሳየት የጀመሩት ይመረጣል። የላይኛው አፈር በጣት ሲነካ ደረቅ ከሆነ ውኃ ማጠጣት ያስፈልጋል፤ ከመትከያው ሥር የተጠራቀመው ውኃ ግን ሥሩን ስለሚያበሰብስ መደፋት አለበት። ለድመትና ለውሻ መርዛማ በመሆኑ እነርሱ ከማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ።

ዳግም እንዲያብብ ለሚሹ ዋናው ጉዳይ ጨለማ ነው። ክሪሳንተመም እምቡጥ የሚያወጣው ሌሊቱ ሲረዝም ነው፤ አምራቾችም ዓመቱን ሙሉ ለማስፈካት ተክሉን በጥቁር ሸራ እየሸፈኑ ሌሊቱን ያረዝሙለታል። በመሆኑም አበባው ረግፎ የተገረዘ ተክል፣ እስከ እኩለ ሌሊት መብራት በሚበራበት ሳሎን ከተቀመጠ ከቅጠል በቀር ሌላ ላያወጣ ይችላል።

በፈረንሳይና በጣሊያን ግን ክሪሳንተመም ለሙታን መታሰቢያ በመቃብር ላይ የሚቀመጥ አበባ ነውና፣ ለእራት ወደ ጠራ ወዳጅ ቤት ይዞ መሄድ አይመከርም።