ፊቱ የተፋቀው ፈረሰኛ

ድሮ ያስተማርኳችሁ ልጆች፣ አንድ ነገር ላርምላችሁ። የአውሮፓ ነገሥታትን ምስል ጥቁር ሰሌዳው ላይ ለጥፌ «እስቲ ፊቱን እዩት፤ ሥልጣን አይነበብበትም?» እላችሁ ነበር። ተሳስቻለሁ።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ አንድ የመዳብ ዝርግ ነው። ፒየር ሎምባርት የተባለ ፈረንሳዊ ቀራጭ በ1650ዎቹ (በፈረንጆቹ) ለንደን ተቀምጦ ኦሊቨር ክሮምዌልን በፈረስ ላይ ቀረጸ። ዘመኑ ባሮክ የምንለው ነው። መዳቡ በሹል ብረት ይጫራል፣ ጭረቱ ቀለም ይሞላል፣ ከዚያ ወረቀት ላይ ይታተማል። ትልቁ የቀለም ቅብ ቤተ መንግሥት ውስጥ ተሰቅሎ ይቀራል፤ ይሄኛው ግን ተባዝቶ ገበያ ይወጣል።

ጉዱ ምን መሰላችሁ? ሎምባርት አቀማመጡን የወሰደው ቫን ዳይክ በ1633 ከሳለው የንጉሥ ቻርልስ 1ኛ ሥዕል ነው። ያ ንጉሥ በ1649 አንገቱን ተቀልቷል። የሞት ፍርዱ ላይ ከፈረሙት አንዱ ማን ነው? ክሮምዌል! ንጉሡን ያስገደለው ሰውዬ በንጉሡ አቀማመጥ ፈረስ ላይ ወጣ ማለት ነው።

በዚህም አላበቃም። ከዚያው መዳብ ላይ ፊቱ እየተፋቀ ሌላ ፊት ተቀረጸበት። የፈረንሳዩ ሉዊ 14ኛ ፊት ያለበት ቅጂ አለ። ራሱ ቻርልስም ተመልሶ ገባበት። መዳብ ለስላሳ ነው፤ ፍቀህ፣ ከጀርባ በመዶሻ መትተህ ታስተካክለዋለህ። ለገበያ ለሚሠራ ሰው ሙሉ ምስል እንደ አዲስ ከመቅረጽ ይሄ ይቀለዋል። (እኛ ዛሬ በስልክ ፊት ስንቀያይር አዲስ ነገር ያመጣን ይመስለናል።)

ታዲያ ፊቱ ሲቀያየር የማይጠፋው ምንድን ነው? ፈረሱ። የብረት ልብሱ። የአዛዥነት በትሩ። ከጎን ደግሞ የራስ ቁር ይዞ በእግሩ የቆመው አሽከር። እሱን ልብ በሉልኝ፤ የፈረሰኛው ከፍታ የሚለካው በእሱ ዝቅታ ነው። ያኔ ወረቀቱን የሚገዛ ሰው ንጉሡንም ሆነ ክሮምዌልን በአካል አይቶ ላያውቅ ይችላል። ፈረስና በትር ግን ያውቃል። ገዢ መሆኑን የነገሩት እነሱ ናቸው፤ ፊቱ የትኛው ገዢ እንደሆነ ብቻ ነው የሚነግረው።

ፊቱ ጭራሽ ባዶ የሆነ ቅጂም አለ። ፈረስ፣ በትር፣ አሽከር፣ ከላይ ምንም። ሰኞ ክፍል ስገባ መጀመሪያ የማሳያቸው እሱን ነው።